ቦታው ልዩ ስሙ፦ ሰባት ቀን በመንዝ ጌራ ምድር

ረቡዕ፣ ጥር 8 ቀን 2011፤ ከላም በረት እስከ ደብረ ብርሃን

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሸዋ የሚጓዝ ሰው የሚሳፈረው ከላም በረት ነው። ዛሬ ላምም በረትም የለበትም፤ ስሙ ብቻ ቀርቷል። በዚያ ቦታ ከብት ያድር እንደነበር የሚመሰክር ሌላ ነገር አይገኝም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያው ደጃፍ ቆሜ ወረፋ ስጠብቅ ነገሩ ከመቼውም ይልቅ ተሰማኝ፤ የምሄድበት ጉዳይ ይኸው ነበርና።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት አጎቴ ካረፉ በኋላ ሣጥናቸውን ስናገላብጥ በንጉሡ ዘመን የተጻፈ የርስት ሙግት ግልባጭ አገኘን። ወረቀቱ ወይቧል፣ በእጥፋቱ ላይ ተበጥሷል፤ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል። በምሥራቅ ፈረስ ማሰሪያ፣ በምዕራብ ቁልል፣ በሰሜን ቀጋ ሥር፣ በደቡብ ሬሳ ማሳረፊያ የሚያዋስነው፣ ልዩ ስሙ ዳኛ በላሽ የተባለው መሬት ይላል። አምስት የቦታ ስም በአንድ ዓረፍተ ነገር! እናቴ ከመንዝ የወጣችው በልጅነቷ ነውና ከአምስቱ የምታውቀው ሁለቱን ብቻ ነው። መሐል ሜዳ መምህር ለሆነው የአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። እሱም ጠያይቆ፣ «ካርታ ላይ የሉም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ሁሉንም ያውቋቸዋል። ቶሎ ና» አለኝ። ከመኝታዬ ያስነሳኝ «ቶሎ ና» የሚለው ቃል ነው።

እስከ ደብረ ብርሃን 62 ብር ከፈልኩ። 130 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ሁሉም ስለሚያውቀው አልተርከውም። ሆኖም በዚህ ጉዞ ጆሮዬ ለስም ተከፍቶ ስለነበር ሐሙስ ገበያ ስንደርስ ስሟን እንደ አዲስ ሰማሁት። መቼ ገበያ እንደሚወጣ ለመንገደኛ የምትናገር ከተማ ናት። ደብረ ብርሃንም እንዲሁ፤ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዘመናቸው በሰማይ የታየውን ብርሃን ምክንያት አድርገው የሰየሟት ከተማ ብርሃኑ ካለፈ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ዛሬም በዚያው ስም ትጠራለች።

አልጋ በ200 ብር ያዝኩ። ሙቅ ውሃ አለ ተብዬ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ አልመጣም። ቀኑ ጾም ስለነበር በ35 ብር ሽሮ በላሁና ወደ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ገባሁ። ሁለት ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተርና አራት እስክሪብቶ ስጠይቅ ባለ ሱቁ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ስነግረው እርሳስም ጨመረልኝ። «ጌራ ላይ ጠዋት እስክሪብቶ አይጽፍልህም» አለኝ። በሦስተኛው ቀን አመሰገንኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 9፤ በጓሳ አናት

የመሐል ሜዳው አውቶቡስ 95 ብር ነበር። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ሳንደርስ ከዋናው አስፋልት ተገንጥለን አቧራውን ተያያዝነው። ጉም ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ይሸፍነዋል፣ ይከፍተዋል።

ጓሳ ላይ ስንደርስ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም ነፋስ የለውም። ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆምን። ብርዱ አጥንት የሚሰብር ቢሆንም ያ ሜዳ በመስኮት ታይቶ የሚታለፍ አልነበረምና አልተቆጨሁም። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ቢጫ ሣር ነው፤ መሀል መሀሉ ላይ ጅብራ ብቻውን ቆሟል፤ ከገደሉ አፋፍ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ቦታው ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ማለት የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድንበት፣ ገመድ የሚገምድበት ሣር ነው።

አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ስለ ቀሮ፣ ስለ ጓሳው የጥበቃ ሥርዓት አጫወቱኝ። የአስቦና የጌራ ዘሮች ሣሩን በጋራ ይጠብቁ ነበር፤ ለዓመታት ይዘጋና በተወሰነ ጊዜ ይከፈታል፤ ሥርዓቱም ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ሥርዓቱ ተናጋ፤ ኋላ ግን ኅብረተሰቡ ራሱ በሌላ መልክ አቋቋመውና ዛሬ ቦታው በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ይገኛል። ከዚያ አዛውንቱ ወደ ስም ተሻገሩ። «መንዝ ሦስት ነው፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር። ሦስቱም ሰዎች ነበሩ። መሬቱ ሰዎቹን ሆኖ ቀረ» አሉኝ። ያችን ቃል እዚያው ጻፍኳት። በደብተሬ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለችው እሷ ናት።

መሐል ሜዳ የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ከወረዳው የተጻፈልንን የትብብር ደብዳቤ ይዞ ጠበቀኝ። ማታ የበግ ጥብስ በ85 ብር በላን። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ሥጋዋ ግን አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት እጥፍ ዋጋ አይገኝም።

ዓርብ፣ ጥር 10፤ ከተራ

ለዕቃችን በቅሎ በ150 ብር ተከራይተን ሦስት ሰዓት በእግራችን ሄድን። የአጥቢያውን ስም እዚህ አልጽፍም። ድንጋዮቹ አጥር የላቸውም፣ ጠባቂም የላቸውም፤ ወርቅ አለበት እየተባለ ሌሊት የሚቆፍረውም ብዙ ነው። በጌራ ምድር ከገደሉ አፋፍ ላይ የሚገኝ፣ በአምስት ጎጥ የተከፈለ የማርያም አጥቢያ ነው ማለቱ ይበቃል።

ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭቶ ነበር። የመጀመሪያውን ስም ለመጻፍ ቆም ስል እስክሪብቶው ወረቀቱን ቧጠጠ እንጂ አልጻፈም። የስልኬ ባትሪም ከግማሽ በላይ ይዞ ሳለ በብርዱ ጠፋ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን መዝገባችን በሙሉ በእርሳስ የተጻፈ ነው። የቦታ ልኬት የወሰድነውም የአክስቴ ልጅ ብብቱ ውስጥ ይዞ ባሞቀው ስልክ ነበር።

ወደ መጀመሪያው ጎጥ ስንገባ አንድ ገበሬ አውድማው ላይ ገብስ ያበራያል። ደብተር የያዙ ሁለት ሰዎች ሲመጡ አየ፤ መንሹን አቁሞ ጠበቀን። ሰላምታችንን በአግባቡ መለሰ፣ ከዚያ ግን፣ «መሬት ልትለኩ ነው?» አለ። አይደለም አልነው። «ታዲያ የመሬቱን ስም ምን ያደርግላችኋል?» አለ። ጥያቄው ትክክል ነበር። በዚህ አገር ደብተር ይዞ የመጣ ሰው መሬት ሳይነካ ሄዶ አያውቅም። ደብዳቤውን አነበብንለት፤ ብዙም አልረዳን። የአጎቴን ወረቀት አውጥቼ ዳኛ በላሽን ሳነብለት ግን ፊቱ ተለወጠ። «ይህን ማን ነገራችሁ?» አለ። በእጁም ወደ ማዶ ተረተር ጠቆመን። የዚያን ዕለት ዐሥራ አራት ስም የሰጠን እሱ ነው።

ያደርነው የአክስቴ ልጅ ተማሪ ከሆነ አንድ ልጅ ወላጆች ቤት ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ጓሳ፤ በመደቡ ላይ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ተነጥፏል። ባና አዲስ አበባ ውስጥ ለጌጥ ሲሰቀል አይቼዋለሁ፤ እዚህ ያለ እሱ ሌሊቱ አይነጋም። ቀኑ ገሃድ ስለነበር የቤቱ እመቤት የገብስ ቆሎና የባቄላ ሽሮ አቀረቡልን። ገንዘብ ብንሰጥ እንደሚቀየሙ የአክስቴ ልጅ አስቀድሞ ስለነገረኝ ከመሐል ሜዳ ሦስት ኪሎ ስኳርና ሁለት ኪሎ ቡና ይዘን ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታቦቱ ወደ ወንዝ ወረደ። ቄሰ ገበዙ አስቀድመው፣ «ስም የምትፈልጉ ከሆነ ታቦቱን ተከተሉ፤ የሚቆምበት ሁሉ ስም አለው» ብለውን ነበር። እውነትም ከደጀ ሰላሙ እስከ ወንዙ ባለው አጭር መንገድ ዘጠኝ ስም መዘገብን። ከዘጠኙ አንዱ ሬሳ ማሳረፊያ ሆኖ ተገኘ። በዚሁ መንገድ አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ሰባት ጊዜ ያርፋል፤ በየምዕራፉ ፍትሐት ይደረሳል። በአንዱ ምዕራፍ ላይ ቃሬዛው የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። መሀሉ ከብዙ ዘመን ቃሬዛና እጅ የተነሣ እንደ ወፍጮ መጅ ለስልሷል። የአጎቴ ወረቀት ላይ የደቡቡ ወሰን ይህ ነው። እጄን አሳረፍኩበት፤ ፀሐይ ስትመታው ስለዋለች ለብ ይላል።

ቅዳሜ፣ ጥር 11፤ ጥምቀት

ስለ በዓሉ ብዙ ጽሑፍ ስላለ እኔ አልጨምርም። ታቦቱ ከገባ በኋላ በአጥቢያው የዕድር ዛፍ ሥር ስለተቀመጥነው ጉባኤ ግን ልናገር።

ስድስት ሽማግሌዎች ነበሩ። ጠላ በየተራ ይዞራል፤ የበግ ቅቅል በገብስ እንጀራ ቀርቧል። የአክስቴ ልጅ የአካባቢውን 1 ለ50,000 ካርታ ዘረጋ። በዚያ ካርታ አንዱ ሴንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው፤ በአጥቢያው ክልል ውስጥ የተጻፉት ስሞችም አራት ብቻ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ካርታውን አዩትና፣ «ወንዙን በትክክል ይዞታል» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለከቱትም። ዓይናቸውን ጨፍነው ከቤተ ክርስቲያኑ ተነሡና በእግር እንደሚሄድ ሰው መሬቱን በቃል ተጓዙበት። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል። ጓሮ፣ ማሳ፣ ግጦሽ፣ ተረተር፣ እያንዳንዱ በስሙ ተጠራ። እኔ እጽፋለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እነሱ ያርማሉ።

እዚያ ያስተማሩኝን አንድ ነገር በዝርዝር ልጻፍ። «ሰፊ ሜዳ» የሚል ስም መጣ። ጻፍኩት፤ አጠገቡም «በስፋቱ የተሰየመ» ብዬ ማብራሪያ አኖርኩ። በማግስቱ ቦታውን ስናይ ከሦስት አውድማ የማይበልጥ ቁራሽ መሬት ነው። ተመልሼ ብጠይቅ ለካ ፊደሉ ይላላል፤ ሰፊ ማለት ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው። በአንድ ዘመን ድንኳን ሰፊ የነበረ ሰው ያገኘው መሬት ነው አሉ። በፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውም ላልቶ የሚነበበውም አንድ ዓይነት ይጻፋል። እኔ በጻፍኩት መሠረት ቢሆን ኖሮ ያ ድንኳን ሰፊ ለዘላለም ጠፍቶ በምትኩ ሰፊ ያልሆነ ሰፊ ሜዳ ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ስም «ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» ብለን ጠየቅን፤ በሚጠብቀው ፊደል ላይም ሁለት ነጥብ አኖርን።

ዳኛ በላሽ ላይ ሲደረስ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገን ስሙ ይኸው ነው አለ፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ የቀድሞ ስሙ ሌላ ነው፣ ዳኛ በላሽ ያሉት ሙግቱን የተሸነፉት ናቸው አለ። ድምፅ ከፍ አለ። የመንዝ ሰው ለርስቱ ሙግት ዕድሜውን እንደሚጨርስ በልጅነቴ ስሰማ ያደግኩ ቢሆንም ርስት ከቀረ ከአርባ ዓመት በኋላ ስሙ ራሱ ርስት ሆኖ ሲያሟግት ሳይ ደነገጥኩ። ሁለቱንም ስሞች ጻፍኩ፤ እያንዳንዱን ማን ወገን እንደሚለው ግን አልጻፍኩም። ቄሰ ገበዙም፣ «መዝገብ እንጂ ፍርድ አይደለም» ብለው ነገሩን አበረዱት።

ማታ የቤቱ ባለቤት ሁለት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሮቹን አሳየኝ። በፊተኛው ላይ ለእያንዳንዱ ማሳ የአራቱ አቅጣጫ አዋሳኞችና የቦታው መጠሪያ በእጅ ተጽፎበታል። በኋለኛው ላይ ካርታው ጥርት ብሎ ታትሟል፣ ልኬቱ አለ፣ የማሳው ቁጥር አለ፤ መጠሪያው ግን የለም። ገበሬው አዲሱን ይወደዋል፤ ከጎረቤቱ ጋር የነበረውን የድንበር ጭቅጭቅ ያስቀረለት እሱ ነውና። እኔም ካርታው ባይኖር ይሻል ነበር አልልም። ግን አንዲት መስመር ጨምሮ የቦታውን ስም መጻፍ ምን ያህል ወጪ ነበረው? እኔ የምኖረው በጋራ መኖሪያ ቤት፣ በብሎክና በቁጥር ነው። ልጆቼ «የት ነው የተወለዳችሁት?» ተብለው ቢጠየቁ ቁጥር ነው የሚናገሩት። እዚህ ግን አንዲት የአምስት ዓመት ሕፃን ጠፍታ ስለተገኘች ግልገል ስትነግረኝ፣ «ቀጋ ሥር ነው ያገኘናት» አለችኝ። ቀጋ ሥር አሁን ቀጋ የለም፤ ሕፃኗም ቀጋ እዚያ ቦታ በቅሎ አይታ አታውቅም።

እሑድ፣ ጥር 12፤ ቁልል

ከቅዳሴ በኋላ ሦስት እረኛ ልጆች መሪ ሆነውን ወደ ምዕራቡ ወሰን ሄድን። እነዚህ ልጆች ሌላ መዝገብ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ስለ ማሳ ያውቃሉ፤ ልጆቹ ግን ስለ ቋጥኝ፣ ስለ ዋሻና ስለ ገደል ነው የሚያውቁት፤ ከብት የሚጠፋው፣ ዝናብ የሚያስጠልለው እዚያ ነውና። ከእነሱ ብቻ 44 ስም አገኘን።

ቁልል ከሩቅ ሲያዩት የተፈጥሮ ጉብታ ይመስላል። ሲጠጉት ግን ሰው የከመረው ድንጋይ ነው። ዙሪያውን በእርምጃ ለካሁት፤ 62 እርምጃ ሆነ። ከፍታው ከሰው ቁመት ጥቂት ይበልጣል። በሥሩ ዙሪያ ትልልቅ ድንጋዮች በክብ ተደርድረው የነበሩ ይመስላሉ፤ ብዙዎቹ ተነቅለው ለካብ ሄደዋል። አናቱ ላይ ሁለት ሰው የማያነሣው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተንሸራቶ ወድቋል፤ ከሥሩም ሰው የቆፈረው ጉድጓድ ተከፍቷል። አፈሩ ትኩስ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ የተጣለ የባትሪ ድንጋይና የሲጋራ መጠቅለያ አገኘን። ወርቅ ፍለጋ ነው። ያን ስመለከት የተሰማኝን ንዴት ዛሬም ስጽፈው አልበረደልኝም።

ልጆቹ «የግራኝ ድንጋይ ነው» አሉኝ። በአገራችን ማን እንደሠራው የተረሳ ድንጋይ ሁሉ ለግራኝ አህመድ ይሰጣል። እሱ ግን የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው። በመንዝና በአካባቢው ይህን በመሳሰሉ የድንጋይ ክምሮች ላይ ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች ፍራንሷ ግዛቪዬ ፎቬልና ቤርትራንድ ፗሶኒዬ ቁፋሮ አካሂደው የቀብር ቦታዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ዘመናቸውም ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ሻይ በተባለው ወንዝ ስም የሻይ ባህል ብለው የሰየሙት ይህ ሕዝብ ክርስቲያንም እስላምም አልነበረም፤ ሙታኑን ከሸክላ ዕቃና ከብዙ የመስታወት ዶቃ ጋር ይቀብር ነበር። ዶቃው ከባሕር ማዶ በንግድ የመጣ ነው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ትንሹ ልጅ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እኛ ቤት አለ» አለ።

ቤታቸው ሄድን። አያቱ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሕፃን የልጅ ልጃቸውን አቅፈዋል፤ በአንገቷ ባለው ማተብ ላይ ከመስቀሉ አጠገብ አንዲት ዶቃ ተሰክታለች። ሰማያዊ ናት፣ ከገብስ ቅንጣት ብዙም አትበልጥም፤ አንድ ጎኗ ትንሽ ተልጧል። ወደ በሩ ብርሃን ሳስጠጋት ውስጧ የአየር ነቁጥ ታየኝ። ባለቤታቸው ሲያርሱ ማረሻ ያወጣት ናት አሉ። አንድ መንገደኛ 50 ብር ሰጥቷቸው አልሸጡም። «ከመሬት የወጣ ነገር ከመሬቱ ሰው ጋር ይቆይ» አሉኝ። እኔም ያልኳቸው ያንኑ ነው። ፎቶግራፍም አላነሣሁም፤ ልኳንና ቀለሟን ብቻ ጻፍኩ።

ከእኒሁ እናት ቤት ሳንወጣ ጎረቤቶቻቸው ቡና ሊጠጡ መጡ። ከሽማግሌዎቹም ከእረኞቹም ያልሰማናቸው 38 ስሞች የተገኙት እዚያ ነው። ምንጮቹ፣ ውሃ የሚቀዳባቸው መውረጃዎች፣ ኩበት የሚለቀምባቸው ሜዳዎች፣ ጦስኝ የሚበቅልባቸው ቁልቁለቶች። ቀኑን ሙሉ ከወንዶች ጋር ስዞር አንዳቸውም የምንጭ ስም አልነገሩኝም፤ ቀድተው አያውቁማ! የአጥቢያው ሴቶች ባይጠየቁ ኖሮ መዝገባችን ውሃ የሌለው አገር ይሆን ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 13፤ ፈረስ ማሰሪያ

የቀረን የምሥራቁ ወሰን ነበር። ፈረስ ማሰሪያ የቆመ ድንጋይ ነው ተብለናል፤ አናቱ አጠገብ ቀዳዳ እንዳለው፣ ግራኝ ፈረሱን ያሰረበት መሆኑን ሁሉም ይናገራል። ቦታው ስንደርስ ማሳው ታርሶ ለበልግ ተዘጋጅቷል፤ የቆመ ድንጋይ ግን የለም። ሁለት ሰዓት ያህል ፈለግን። የማሳው ባለቤት ከአውድማው መጣና ምን እንደምንፈልግ ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ከስድስት ዓመት በፊት እርከን ሲሠራ ድንጋዩ በሬዎቹን እያሰናከለ ስላስቸገረው በመዶሻ ሦስት ቦታ ሰብሮ ካብ ውስጥ አስገብቶታል። ካቡን አሳየን። ከታች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ግማሽ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ አለ። ጣቴን ወደ ውስጥ አስገባሁ፤ ጠርዙ ገመድ እንዳሸው ለስላሳ ነው። ሌላውን ግማሽ ፈልገን አላገኘነውም።

ሰውዬውን ልቆጣው አልቻልኩም። አምስት ልጆች አሉት፣ መሬቱ ሁለት ጥማድ አይሞላም፣ እርከን ሥራ የተባለውም በመንግሥት ነው። ያ ድንጋይ ምን እንደሆነ መጥቶ የነገረው ሰው አልነበረም። ቄሰ ገበዙ ግን ከብደው ተናገሩት። የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚነቅል በኦሪት ዘዳግም የተረገመ መሆኑን አስታወሱት። እሱም፣ «የራሴ ማሳ ውስጥ ነው አባቴ፣ ድንበር መሆኑን አላወቅሁም» አለ። በአጎቴ ወረቀት ላይ ድንበር ነው፤ ያን ወረቀት ደግሞ እሱ አይቶት አያውቅም። ከመለያየታችን በፊት ካቡን ዳግመኛ እንዳያፈርሰው፣ ሌላውን የቀዳዳ ግማሽ ካገኘም ቤተ ክርስቲያን እንዲያመጣው ቃል ገባልን።

ስንመለስ ቄሰ ገበዙ ደጀ ሰላሙ አጠገብ የተሰቀለውን መረዋ አሳዩን። ሦስት ረጃጅም ስስ ድንጋዮች በጠፍር ተንጠልጥለዋል፤ እያንዳንዱ በድንጋይ ሲመታ የየራሱ ድምፅ አለው። የብረት ደወል ከገባ ወዲህ የሚመቱት በሕማማት ብቻ ነው። የመጣበትን ቦታ ስጠይቅ «ነጋሪት ድንጋይ» ከሚባለው ቋጥኝ መሆኑን ነገሩኝ። ያን ቋጥኝ ትናንት እረኞቹ ሲያስመዘግቡን ለምን እንደዚያ እንደተባለ አላወቁም ነበር። ደብተሬን ገልጬ ከስሙ አጠገብ ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ጥር 14፤ መመለስ

143 ስም። 61ዱ ከሽማግሌዎቹ፣ ታቦቱን ስንከተል የተገኙት ዘጠኙና የመጀመሪያው ገበሬ የሰጠን ዐሥራ አራቱ ከእነዚህ ተቆጥረው ነው፤ 44ቱ ከእረኞች፣ 38ቱ ከሴቶች። በአጎቴ ወረቀት ላይ ያሉት አምስቱ ቦታዎች በሙሉ ተገኝተዋል፤ አንደኛው ካብ ውስጥ።

መሐል ሜዳ ስንደርስ ደብተሩን በሦስት ቅጂ ላባዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። መብራት አልነበረም። ለአውቶቡሱ አንድ ሰዓት ቀርቶኛል፤ መብራቱ የመጣው አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ነው። አንዱን ገጽ በሁለት ብር አስነሥቼ አንዱን ቅጂ ለቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ አንዱን ለቀበሌው፣ አንዱን ለአክስቴ ልጅ ትምህርት ቤት ሰጠሁና እዚያው አደርኩ። ዋናው እኔ ዘንድ ነው።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ፣ ጥር 19፣ እሑድ ከቀትር በፊት ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ነው፤ ከጀርባው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። ከቅዳሴ ሲወጡ ቄሰ ገበዙ መዝገቡን ለሕዝቡ አንብበውት ኖሮ የተረሱ አሉ ብለው ሽማግሌዎቹ አቁመውታል። «ሦስት ናቸው፣ ጻፍ» አለኝ። እርሳሴን አነሣሁ። አንደኛው አራስ ጠበል፣ ሁለተኛው ውሃ መልስ፣ ሦስተኛው ገና ሜዳ።

«ገና ሜዳ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» አልኩት።

ስልኩን ከጆሮው አርቆ ጠየቃቸው። ብዙ ድምፅ በአንድነት መለሰለት።

«ይጠብቃል። ገና የምንጫወትበት ሜዳ ነው ይሉሃል።»

በ«ና» ላይ ሁለት ነጥብ አኖርኩ።